ነጻ ገበያ ከአናርኪዝም ቤት ይገባል ወይ?

(አራት ኪሎ ላይ በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ ማስረጃውን እንመርምር። ሰዎች ያለ አስገዳጅ የሠሩትን የሚለዋወጡበት ገበያ በአናርኪዝም፣ ሰው ያለ መንግሥት በፈቃዱ ተስማምቶ ይኑር በሚለው ትምህርት ማለቴ ነው፣ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፤ ማንም ኋላ አላስገባውም። ካፒታሊዝምን ግን፣ የማይኖሩበትን ቤት፣ የማያርሱትን መሬት፣ የማይሠሩበትን ፋብሪካ በወረቀት ይዞ ከተጠቃሚው ገቢ የመሰብሰብን ሥርዓት ማለቴ ነው፣ ይህ ወግ ተቀብሎት አያውቅም። «ነጻ ገበያ» የሚለው ስም ሁለቱንም ስለሚይዝ ክርክሩ ብዙ ጊዜ መያዣ መጨበጫ ያጣል።

በዚህ ከተማ ጉዳዩን ማንሳት ራሱ ቀላል አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» እያለ ያሳድድ ነበር፤ በዚያ ክስ ብዙ ወጣት አልቋል። ኢሕአፓ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ድርጅት ነበር፤ ከአናርኪዝም ትምህርት ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። እዚህ አገር ክሱ ከትምህርቱ ቀድሞ ስለደረሰ፣ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቀው ክሱን ነው። ስለዚህ ከሥሩ መጀመር ይኖርብናል።

ራሱን አናርኪስት ብሎ በመጥራት የሚታወቀው የመጀመሪያው ጸሐፊ ፈረንሳዊው ፒየር ዦሴፍ ፕሩዶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው) ባሳተመው መጽሐፍ «ንብረት ስርቆት ነው» አለ። ይህ አባባል ብቻውን ሲጠቀስ ሰውየው የድሃውንም ላም ሊወርስ የመጣ ይመስላል። ፕሩዶን ግን እዚያው ሁለት ነገር ይለያል። የምትኖርበት ቤት፣ የምታርሰው ማሳ፣ የምትሠራበት መሣሪያ ይዞታህ ነው፤ ይህን ይጠብቅልሃል። ሌላ ሰው በሚጠቀምበት ነገር ላይ፣ ሳይሠሩ፣ ኪራይና ወለድ የመቀበል መብት ደግሞ ባለቤትነት ነው። ስርቆት ያለው ይህንን ነው። ከሞተ በኋላ በ1866 በታተመ ሥራው ላይ እንዲያውም የተከፋፈለ ንብረት የመንግሥትን ጉልበት የሚገታ ኃይል እንደሚሆን ይከራከራል።

ገበሬው፣ ጫማ ሰፊውና አናጢው በነጻ ይዋዋሉ፣ ይገበያዩ፣ መንግሥት ከመካከላቸው ይውጣ የሚል ሰው ነበር። ያስጨነቀው ብድር ነው። ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ጥቂቶች እጅ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ወይ ወለድ ይከፍላል ወይ ተቀጥሮ ያድራል። በጃንዋሪ 1849 ፓሪስ ላይ ያቋቋመው የሕዝብ ባንክ ለዚህ የታሰበ ነበር። ካፒታሉ 5 ሚሊዮን ፍራንክ፣ አንዱ አክሲዮን ሠራተኛ ሊገዛው እንዲችል 5 ፍራንክ ብቻ። ባንኩ የሚያወጣው ወረቀት በወርቅ ወይም በብር አይመነዘርም፤ አባላቱ ለሸቀጣቸውና ለጉልበታቸው ክፍያ አድርገው ሊቀበሉት የተስማሙበት ሰነድ ነው። የብድሩ ክፍያ ከ2 በመቶ ተነሥቶ፣ አባላቱ በበዙ ቁጥር የጽሕፈት ቤቱን ወጪ ብቻ ወደሚሸፍን ሩብ በመቶ እንዲወርድ ታቅዶ ነበር።

ባንኩ በወጉ ሥራ ሳይጀምር ፈረሰ። ፕሩዶን በፕሬዚዳንቱ በሉዊ ናፖሊዮን ላይ በጻፈው ጽሑፍ በማርች 1849 የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በቀጣዩ ወር ባንኩ ሒሳቡን ዘጋ። እስራቱ ባይመጣም ግን ከባድ ፈተና ይጠብቀው ነበር። በወርቅ የማይመነዘር ወረቀት የሚሠራው በዙሪያው ያሉት ሙያዎች ሲሟሉ ነው። ልብስ ሰፊና ጫማ ሰፊ ገብተው ዳቦ ጋጋሪው፣ ከሰል ሻጩና እህል ነጋዴው ከቀሩ፣ ወረቀቱ ሁለት ሦስት እጅ ዞሮ ይቆማል፤ የመጨረሻው ተቀባይ ላይ ይከማችና እሱም በሚቀጥለው ወር አልቀበልም ይላል።

ይህን ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ዕቁብ አለና። መርካቶ ውስጥ 20 ነጋዴዎች በሳምንት 5,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንውሰድ። በየሳምንቱ 100,000 ብር ይወጣል፣ ዙሩ በ20 ሳምንት ያልቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የደረሰው ሰው 5,000 ጥሎ 100,000 ወሰደ፤ የቀረውን 95,000 ብር በ19 ሳምንት ያለ ወለድ ይከፍላል። የመጨረሻው ተረኛ በተቃራኒው ሲያበድር የከረመ ሰው ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ዓመት ደግሞ ጉዳቱ እሱ ላይ ያርፋል፣ ዙሩ ባጠረ ቁጥር የሚሻለውም ለዚህ ነው። ነገሩን የሚይዙት ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ናቸው። ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ቢያቆም ዋሱ ይከፍላል፤ ዋስ ሳይቀርብ ብሩ አይሰጥም።

አሁን ጠጋ ብለን እንየው። በ3ኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩ ለጊዜው አያስፈልገውም። ዕቃው ጉምሩክ የቆመበት ሌላ አባል ግን ዛሬውኑ ይፈልገዋል። ዕጣው ይሸጣል፦ ገዢው 100,000 ብሩን ይወስዳል፣ ለሻጩ 4,000 ብር ይሰጣል፣ ሻጩም ተራውን ለመጠበቅ ወደ ዕጣው ይመለሳል። ይህ 4,000 ብር ስሙ ምንም ይሁን ምን ወለድ ነው። መንግሥት አልገባበትም፣ የባንክ ሞኖፖሊም የለበትም፤ ወለዱ ግን መጣ።

ፕሩዶን በ1849 መጨረሻ ከኢኮኖሚስቱ ፍሬዴሪክ ባስቲያ ጋር በጋዜጣ ላይ በደብዳቤ የተሟገተው በዚሁ ነጥብ ነው። ባስቲያ ወለድ የመጠበቅ ዋጋ ነው አለ፤ ፕሩዶን ብድርን በሞኖፖሊ የመያዝ ዋጋ ነው አለ። በእኔ አስተያየት ዕቁቡ ለሁለቱም የየድርሻቸውን ይሰጣል። ሁሉም እኩል በሚጥሉበት፣ ሁሉም ዛሬ ሻጭ ነገ ገዢ ሊሆኑ በሚችሉበት ቦታ የመጠበቅ ዋጋ ይቀራል፣ ግን ትንሽ ነው። ሌላ በር የሌለው ሰው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ የሚከፍለው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ልዩነቱ የሞኖፖሊው ድርሻ ነው፤ ፕሩዶንም ልክ የነበረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከፕሩዶን መጽሐፍ 13 ዓመት ቀደም ብሎ ጆሳያ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ጉዳዩን በሱቅ ሞክሮት ነበር። ዋረን በኢንዲያና ግዛት ሮበርት ኦወን ያቋቋመው የጋራ ኑሮ መንደር ውስጥ ኖሮ፣ ሁሉ ነገር የሁሉም ሲሆን ጭቅጭቁ እንዴት እንደሚበዛ አይቶ የወጣ ሰው ነው። በሜይ 1827 ሲንሲናቲ ላይ የሰዓት ሱቅ ከፈተ። ዕቃው ላይ የተገዛበት ዋጋ ይለጠፋል። ለማጓጓዣና ለብክነት ጥቂት ይጨመርበታል፤ ይህ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። የባለሱቁ ድካም ግን ለብቻው ይሰላል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ገዢው መስተናገድ ሲጀምርና ሲጨርስ ሰዓቱ ይታያል፤ የፈጀው ጊዜ በሥራ ወረቀት ይከፈላል። አናጢ ከሆነ ይህን ያህል ጊዜ የአናጢነት ሥራ ዕዳ አለብኝ ብሎ ይፈርማል።

ይህ አሠራር አንድ የተደበቀ ወጪ ያወጣል። እንደ መርካቶ ባለ ገበያ ጠዋቱን ሙሉ የሚከራከር ደንበኛ የሚፈጀው የሻጭ ጊዜ በሁሉም ዕቃ ዋጋ ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ ዋጋ ጠይቆ ወዲያው ከፍሎ የሚሄደውም ለተከራካሪው ይከፍላል። በዋረን ሱቅ እያንዳንዱ የራሱን ጊዜ ስለሚከፍል ክርክሩ ጠፋ። መርሁ የድካሙ ልክ የዋጋው ጣሪያ ይሁን የሚል ነው፤ ትርፍ የሚባል ሦስተኛ ሒሳብ የለም። ሱቁን ሦስት ዓመት አሠርቶ፣ ነገሩ እንደሚሠራ ታይቷል ብሎ በራሱ ፈቃድ በ1830 ዘጋው።

የሚበላሽበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማን ሰዓት? መጀመሪያ ላይ የሁሉም ሰዓት እኩል ነበር፤ የሐኪሙም የተሸካሚውም። ኋላ ግን ዋረን ራሱ አስቸጋሪና አስጠሊታ ሥራ ብልጫ ሊከፈለው ይገባል ወደሚለው ሄደ፤ የሥራውን ክብደት የሚመዝነው ሠሪው ራሱ ሲሆን ደግሞ ዋጋ እንደገና ወደ ድርድር ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ የሚታመነው በፈራሚው ልክ ነው። 300 ሰዓት ፈርሞ የታመመ ወይም ከተማ የለቀቀ አናጢ ደረቅ ቼክ እንደጻፈ ነው። በኋላ የታተሙት ወረቀቶች ከሥራው ጎን በፓውንድ የተለካ በቆሎ በአማራጭ የጻፉት ተቀባዩ የሚጨብጠው ነገር እንዲኖረው ነው። ዋረን ይህንኑ ይዞ በ1851 በሎንግ አይላንድ መሬት በተገዛበት ዋጋ ለነዋሪ የሚተላለፍበት መንደር መሠረተ፤ ቦታው ዛሬ ብሬንትዉድ ይባላል።

እነዚህን ክሮች አንድ ላይ የገመዳቸው አሜሪካዊው አናርኪስት ቤንጃሚን ተከር ነው። ከ1881 እስከ 1908 «ነጻነት» የሚል ጋዜጣ አዘጋጅቷል። ራሱን ሶሻሊስት ይል ነበር፤ በዚያው አፉ ደግሞ ያልተገደበ ውድድር ይጠይቃል። ይህ ለዛሬ ጆሮ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል፤ አመክንዮው ግን ጥብቅ ነው። ካፒታሊስቱ የሚሰበስበው ትርፍ ከውድድር የመጣ አይደለም፣ ውድድርን መንግሥት ስለከለከለ የመጣ ነው ይላል። አራት ሞኖፖሊዎች ይቆጥራል፦ ገንዘብ ማውጣትን ለተፈቀደላቸው ባንኮች ብቻ የሚሰጥ ሕግ ወለድን ይወልዳል፤ ለማይጠቀምበት ሰው የመሬት ወረቀት የሚያስከብር ሕግ ኪራይን፤ ቀረጥ የአገር ውስጥ አምራችን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ፓተንትና የቅጂ መብት ደግሞ ዕውቀትን ያጥራሉ። አራቱ ቢነሡ የጉልበት ዋጋ ወደ ሠሪው ይመለሳል ባይ ነው።

የገንዘቡ ክስ ባዶ ፍልስፍና አልነበረም። በ1850 አሜሪካዊው ዊልያም ግሪን የነደፈው የመደጋገፊያ ባንክ አባሉ ቤቱን አስይዞ የግምቱን ግማሽ ያህል የባንኩን ወረቀት እንዲወስድና 1 በመቶ ገደማ እንዲከፍል ያስባል። ግማሽ የተባለው የቤት ዋጋ ቢወርድ ወረቀቱ መያዣ እንዳያጣ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1865 ከብሔራዊ ባንኮች ውጭ በሚወጣ የባንክ ወረቀት ላይ 10 በመቶ ግብር ሲጥል፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት ማውጣት የማያዋጣ አደረገው። ከዚያ ቀደም አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ላይሳንደር ስፑነር ከመንግሥት ፖስታ ጋር መወዳደርን ሞክሮት ነበር። ከቦስተን ኒውዮርክ የመንግሥት ፖስታ 18 ከሦስት አራተኛ ሳንቲም ሲያስከፍል፣ ስፑነር በ1844 ያቋቋመው ድርጅት 5 ሳንቲም ገደማ ያደርስ ጀመር። በ1845 ኮንግረስ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አደረገ፦ እስከ 300 ማይል ላለው ደብዳቤ ዋጋውን ወደ 5 ሳንቲም አወረደ፣ የግል ፖስታን ደግሞ አጥብቆ ከለከለ። ዋጋው ሊወርድ ይችል እንደነበር ያሳየው ተፎካካሪው ነው፤ የተቀጣውም እሱ ነው።

ስለ መሬት አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልበል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የከተማ ቦታ በሊዝ ይተላለፋል። ይህ የመሬት ሞኖፖሊን ያስቀረ የሚመስለው ሰው አለ። በተከር ዓይን ኪራዩ አልጠፋም፤ ሰብሳቢው ተለወጠ እንጂ። የሊዝ ጨረታ ዋጋ ኪራይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። የፕሩዶን ባንክ በፈረሰበት በ1849፣ በዚያው በፓሪስ፣ ጉስታቭ ደ ሞሊናሪ የሚባል ኢኮኖሚስት ጸጥታ ማስከበርም እንደ ማንኛውም አገልግሎት በውድድር ይቅረብ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሞሊናሪ አናርኪስት ነኝ አላለም፤ የሊበራል ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ሰው ነበር። ባስቲያን ጨምሮ የገዛ ባልደረቦቹ እንኳ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሙሬይ ሮትባርድ ይህን ክር ከስፑነርና ከተከር ጋር ቋጥሮ አናርኮ ካፒታሊዝም አለው። ሮትባርድ ሐቀኛ ነበር፤ በ1965 በጻፈው ጽሑፍ የሁለቱን ፖለቲካ ተቀብሎ በገንዘብና በመሬት ላይ የያዙትን ኢኮኖሚክስ እንደማይቀበል በግልጽ ተናግሯል።

ብዙ ሰው ልዩነቱን የሚያየው የግል ፖሊስ ላይ ነው። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። ተከርም መከላከያ በፈቃድ የሚገዛ አገልግሎት ሊሆን ይችላል ይላል። ልዩነቱ ጥበቃው የማንን መብት ያስከብራል የሚለው ላይ ነው። በጁላይ 1892 በፔንስልቬኒያ ሆምስቴድ የካርኔጊ ብረት ፋብሪካ አድማ ሲመታ፣ ኩባንያው 300 ያህል የፒንከርተን የግል ጠባቂዎችን በወንዝ አስመጣ፤ ሠራተኞቹ ተታኩሰው መለሷቸው፤ ቀጥሎ የግዛቱ ሚሊሺያ ገባ። ጠባቂው የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ያስከበረው አንድ ነገር ነው፦ ፋብሪካው ውስጥ በማይውለው ሰው ስም ያለውን ወረቀት።

ልዩነቱን በአንድ ቤት እንየው። አራዳ ውስጥ አንድ የቀበሌ ቤት አለ እንበል። መሬቱ በምኒልክ ዘመን ለአንድ መኳንንት ተሰጥቷል፤ ወራሾቹ ቤት ሠርተው ሲያከራዩ ኖሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ቤቱ ለቀበሌ ገባ። ከዚያ ጀምሮ አንዲት እናት ይኖሩበታል፣ ጣራውን በየጊዜው ያስጠግናሉ። ነገ መንግሥት የሚባል ነገር ባይኖር ቤቱ የማን ነው?

ፕሩዶንና ተከር የእናትየው ነው ይላሉ። እሳቸው ግን አያት ሰፈር ሄደው ቢኖሩና ቤቱን ለሌላ ሰው ቢያከራዩት፣ በተከር መርሕ መብታቸው ይቀራል፤ ባለ ይዞታው ተከራዩ ይሆናል። ሮትባርድ ወረቀቱን ወደ ኋላ ይመረምራል። መሬቱ በንጉሥ ስጦታ የተገኘ ከሆነና ቀድሞ የሚጠቀምበት ሰው ከነበረ የመኳንንቱ መብት ባዶ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ምናልባት ለእሳቸው ይደርሳል። እስከዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ግን በሮትባርድ ሕግ እሳቸው አያት ሰፈር እየኖሩ ለዘላለም ኪራይ ሊሰበስቡ፣ ልጆቻቸውም ሊወርሱት ይችላሉ። ወጎቹ የሚለያዩት እዚህ በር ላይ ነው። ሩሲያዊው አናርኪስት ፒተር ክሮፖትኪን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ባዶ ክፍሎችንና የተጨናነቁ ቤተሰቦችን ይመዝግብ፣ በፍላጎት ያከፋፍል ይላል፤ ገበያ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

የተከር መርሕ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ለሕክምና ስድስት ወር ውጭ አገር የቆየ ሰው ቤቱን ለቋል ወይ? ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ለተማሪ ብትከራይስ? ተከር እንዲህ ያለውን በዕጣ የተመረጡ የአካባቢው ዳኞች፣ ሕጉንም ፍሬ ነገሩንም እየመዘኑ፣ ይፍረዱ ይላል። ይህ ማለት በሁለት ሰፈሮች ሁለት ዓይነት ሕግ ሊኖር ይችላል፤ ይህን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ መሠረት አለው።

ከአናርኪስቱ ቤት ውስጥ የመጣው ጠንካራ ተቃውሞ የክሮፖትኪን ነው። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሰዱ ይላል፦ ቆፋሪው፣ አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ መሐንዲሱ ሁሉም ለአንዱ ከሰል አስፈላጊ ናቸው፤ የአንዱን ድርሻ ከሌላው ነጥሎ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ በሰዓትም በዋጋም መክፈል ልብ ወለድ ነው። ለዋረን ሱቅ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ባለ አንድ ሰው ሙያን እንጂ ማዕድንን አላሰበም። ሆኖም ክሮፖትኪን ራሱ በ1910 ለብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ በጻፈው መጣጥፍ ፕሩዶንን፣ ዋረንንና ተከርን ከአናርኪስቶች መካከል ቆጥሯል፤ የተከር ወገን በመከላከያ ስም የመንግሥትን ሥራ ሁሉ መልሶ ሊያቆም ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል፣ ከቤቱ ግን አላስወጣቸውም። የገበያ ጠላት የሆነው ሰው የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ ለእኔ ከብዙ ሰው ቃል ይበልጣል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ተቃውሞ ከተከር ራሱ መጣ። በ1911 በዋናው ድርሰቱ ላይ በጨመረው ማስታወሻ፣ የሀብት ክምችቱ እጅግ ስላደገ አራቱ ሞኖፖሊዎች ዛሬ ቢነሡ እንኳ ውድድር ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም አለ። ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ሞኖፖሊው ሲነሣ ያለፈው ዘረፋ ፍሬ በያዘው ሰው እጅ ይቆያል፤ ውድድሩን የሚጀምረውም ያንን ይዞ ነው። ዛሬ ኬቨን ካርሰንን የመሰሉ የገበያ አናርኪስቶች ትልልቅ ኩባንያዎች በመንገድ፣ በፓተንትና በድጎማ ስለሚደገፉ ነው የቆሙት፣ ድጋፉ ሲነሣ ይሟሽሻሉ ሲሉ ይከራከራሉ። ስለ ድጎማው ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ጊዜው ግን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላቸውም።

ከአድማጮች አንዱ ታዲያ ሮትባርድን ከመደርደሪያው እናውጣው ወይ ብሎ ጠይቋል። አይደለም፤ ከሞሊናሪ ጎን ይቀመጥና ይነበብ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮትባርድ ራሱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎችና ለመምህራን፣ ከመንግሥት ትእዛዝ ብቻ የሚኖሩ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ደግሞ ለሠራተኞቻቸው ይሰጡ ብሎ ጽፏል። በዚያ ጽሑፍ የባለ ይዞታውን መብት ለአንዲት ቀን ተቀብሎ ነበር፤ በማግስቱ ባለ ይዞታው ራሱ አከራይ እንዲሆን ስለፈቀደለት ከተከር ጋር ተለያዩ።